ሰው ሲያያት የምትድን ማሞቂያ

የውሃ ማሞቂያዋ ደህና ስትሆን የአራሷ የብርቱካን ተራ ቀን ርካሽ ነው፤ አንዲት ክብሪትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። ስትታመም ግን ያው ቀን አንድ ጣሳ ከሰል ይበላል፣ ከግቢው ቧንቧ በባልዲ የሚመላለስ ውሃ ይበላል፣ እፍ ሲሉ የሚያልቅ ትንፋሽ ይበላል፤ የሐምሌ ዝናብ ከሰሉን ካረጠበው ደግሞ እንባ ይጨመርበታል። በዚያ ላይ የአማቷን ምክር እንዲሰማ አንድ ጆሮዋ ቀኑን ሙሉ ይያዝባታል። ይህ ሁሉ ተከፍሎ የሚገኘው አንዲት የታጠበች ሕፃንና አንድ ገመድ ሙሉ ጨርቅ ነው። ጨርቁም አይደርቅም።

ቤቱ ጎንደር ፒያሳ ላይ ያለ፣ ጣልያን የሠራው፣ የትርፍ ቤት አዋጁ ለቀበሌ ያስረከበው ቤት ነው። በመታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንዲት ነጭ የብረት ሣጥን ተሰቅላለች። ውጭ ከቆመው ሲሊንደር ጋዝ እየሳበች፣ እሳቷን ሆዷ ውስጥ አንድዳ ውሃ ታሞቃለች። የብርቱካን ባል ፋንታሁን ከሚስቱና ከልጁ ቀጥሎ የሚወደው እሷን ነበር። መሠረተ ትምህርት እንዲያስተባብር አይከል ሲላክ ሦስቱንም አደራ ብሎ ሄደ።

አደራውን የተቀበሉት እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ናቸው። አራሷን ሊያርሱ ከእንፍራንዝ ሲመጡ ቅቤም፣ የገብስ ዱቄትም፣ ሕግም ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ሕግ፣ አራስ ካለችበት ንፋስ አይገባም የሚል ነው። መስኮቱን ዘጉ፤ ብርቱካን ሕፃኗን ልታጥብ ስትገባ በሩን ከኋላዋ ይዘጉና ከሥሩ ነጠላ ይወትፋሉ።

ማሞቂያዋ መታመም የጀመረችው እሳቸው በመጡ በሳምንቱ ነው። ብርቱካን እሳቱን ትለኩሳለች፤ ሰማያዊ ሆኖ ይነድዳል። ሕፃኗን አጥባ ሳትጨርስ እሳቱ ቢጫ ይሆንና ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ድርግም። ራሷን በገመድ እንደታሰረ ያህል ይወጥራታል። ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ውሃ ሲነካት ሰፈሩን የምትቀሰቅሰው ልጅ ዝም ብላ፣ አንገቷ ዝልል ብሎ እጇ ላይ ቀረች። ወደ ደጅ ይዛት ስትወጣ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ብርቱካን በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ልቅሶ ደስ ብሏት አያውቅም።

“ቤቱ ነው የታመመው” አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል። “ቅዳሜ መኪና አለ። አንችንም ልጅቱንም ይዤ እንፍራንዝ እገባለሁ።”

“እማማ፣ ሥራዬስ? የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው እኮ። ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል።”

“ሥራ ለጤነኛ ነው።”

እንግዲህ እስከ ቅዳሜ የማሞቂያዋ በሽታ መታወቅ ነበረበት። ቤቱ የቀበሌ ነውና መጀመሪያ ለሊቀ መንበሩ ለጓድ አለነ ተነገረ። ጓድ አለነ መጥቶ ሣጥኗን ከደጃፍ ቆሞ ተመለከታት።

“ይኸ አሻጥር ነው” አለ።

“የማን አሻጥር፣ ጓድ?”

“የጣልያን።”

“ጣልያን ከሄደ አርባ ዓመት አለፈው እኮ።”

“አሻጥር የሚባለውም ለዚያ ነው፤ ይቆያል።”

ቀጥሎ የመጣው የፋንታሁን ጓደኛ፣ የጭነት መኪና መካኒኩ ካሣዬ ነው። ካሣዬ መኪናም ሰውም ቢታመም ‘መስመሩ ተደፍኖ ነው’ ይላል። ክዳኗን ፈታ፣ ጋዙ የሚወጣበትን ጠባብ ቀዳዳ በአፉ ነፋ፣ ለኮሳት። ሰማያዊ። ጠላውን ጠጥቶ ሄደ። ብርቱካን ሕፃኗን ይዛ ገባች፤ ድርግም። ተጠራ፤ ነፋ፤ ሰማያዊ። ጠላውን ጠጣ። በሦስተኛው ማሞቂያዋን ትቶ ብርቱካንን ይመለከት ጀመር።

“እቴ፣ እኔ ስመጣ ደህና ናት። ምነው፣ ምን ታደርጊያታለሽ?”

“ጠላው ነው የሚያመላልሰው” አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል። “ሐኪም ቤት ደጅ ሲደርስ እንደሚድን ልጅ ሆነችብን።”

ብርቱካን ግን ይህ የሐኪም ቤቱ ነገር ከልቧ ገባ። ጨርቅ እየጨመቀች አሰበችው። አለነ ጠላቱን ፈለገ፣ ካሣዬ የተደፈነ መስመሩን፣ አማቷ ንፋሳቸውን፤ ሁሉም የሚያውቀውን በሽታ ይዞ ነው የመጣው። በሽተኛዋን በታመመችበት ሰዓት ያያት ግን የለም። ምነው? ካሣዬ ጨዋ ሰው ነዋ። ባሏ በሌለበት ቤት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ደጅ ትቶ ነው የሚሠራው። እሷ ደግሞ በር ዘግታ ነው የምታጥበው።

ዓርብ ጠዋት አስጠራችው። “ዛሬ በሩ ተዘግቶ ትሠራለህ።”

ካሣዬ ያወለቀውን ቆብ መልሶ አጠለቀ። “ተይ እንጂ፣ ፋንታሁን ወንድሜ ነው።”

“ምን አልሽ አንች ልጅ?” አሉ አማቷ። “ልጄ አይከል ተቀምጦ?”

“እንግዲያው እርስዎ ይግቡ ከሱ ጋር።”

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ጥቂት አሰቡና ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመው ገቡ። “ና ግባ፤ አልበላህም” አሉት። ብርቱካን ሕፃኗን ታቅፋ ከውጭ እጀታውን ያዘች። ራሳቸውን ካዞራቸው ወዲያው እንዲናገሩ አስጠነቀቀቻቸው።

“እማማ፣ እሳቷ ምን ትመስላለች?” ሲል ካሣዬ ተሰማ።

“ሰማያዊ ናት። ዓይን አለኝ።”

ቆየት ብሎ፣ “ምነው ቢጫ ሆነች?” አሉ።

“ይክፈቱ፣ እማማ፣ ይክፈቱ።”

ካሣዬ እያሳለ ወጣ። “አየር ነው ያጣች። እሳትም እንደ ሰው ይተነፍሳል። በሩ ሲዘጋ የክፍሉን አየር ትጨርሰውና መርዝ ትተፋለች፤ ራስሽን የሚያምሽም፣ ልጅቱን ያዛላትም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ከታች የአየር መግቢያ ሳይተውለት አይሠራም። የት አለ?”

ተንበርክከው ግድግዳውን ዳሰሱ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ልስልስ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በድንገት የሕፃኗን መጠቅለያ ማስተካከል አማራቸው።

“እማማ?”

“እኔ ምን አውቄ።” መጠቅለያውን ደግመው አጠበቁና፣ “ያ የአይጥ ጉድጓድ ነው የምትሉት?” አሉ።

በመጡ ሰሞን ነው ያገኙት፤ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ንፋስ የሚያፏጭበት ቀዳዳ። የእንፍራንዝ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አይታ አትተኛም። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠው መረጉት፣ በመዳፋቸው አለሰለሱት፣ ከጓዳ ባገኙት ኖራ ቀቡት። ካሣዬ ያገኘው በጣቱ እያንኳኳ ነው።

“ምርጊቱ ግን ሸጋ ናት” አለ፣ በመዶሻ እያፈረሰ።

“እንዲህ ነው የሚመረግ” አሉ፣ ጥቂት ተጽናንተው።

ለአይጡ የወንፊት ሽቦ ተበጀለት። በሩ ተዘግቶ ገንዳው እስኪሞላ እሳቷ ሰማያዊ እንደሆነች ቆየች፤ ሕፃኗም ሰፈሩን ቀሰቀሰች። የቅዳሜው መኪና ያለ እነሱ ሄደ። ጓድ አለነ ነገሩን ሲሰማ፣ “ቀዳዳውን የሠራው ማነው? ጣልያን አይደለም? አላልኩም?” አለ።

ብርቱካን ይህን ከምታነቡት የምትለምነው አለ። ጋዝ የሚነድበት ክፍል ካላችሁ፣ ባለሙያ ስታመጡ በሽተኛውን እንደሚታመምበት አድርጋችሁ አሳዩት። እሳቱ ቢጫ ከሆነና ራሳችሁን ካመማችሁ አጥፍታችሁ፣ በር ከፍታችሁ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ግድግዳ ላይ ያገኛችሁትን ቀዳዳ ደግሞ ለምን እንደተተወ ሳትጠይቁ አትምረጉ። በእንፍራንዝ ካለፋችሁም ወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን ሰላም በሉልኝ ትላለች፤ የፈለጋችሁትን አጫውቷቸው፣ አይጥ ግን እባካችሁ አታንሡባቸው።