ለእንግዳ የታጠበው መልአክ

«አትንኩ» ነው የሚሉት ሰፈርተኛው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ከአፉ የማይጠፋው ይህ ቃል ስለሆነ በዚያው ጸናበት። የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነው። ፎቶ ሊነሱ የሚመጡ ሙሽሮችን «አትንኩ!»፣ ኳሳቸው የገባችባቸውን ልጆች «አትንኩ!»፣ ኧረ ፍየሎቹን ሳይቀር።

ቤተ ክርስቲያኑ የስንትና ስንት መቶ ዓመት ነው። ጣሪያው የወደቀው ቅድመ አያቱ ሳይወለዱ ነው፤ ድንጋዩን ደግሞ ሰፈሩ ለአጥርም ለደረጃም እያለ ተቀራመተው። የቀረው አንድ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይም ቀይ ቀሚስ የለበሰ፣ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ብቻ። ክረምት በመጣ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል። አትንኩ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የለመነው አንድ ነገር ነው፤ ከላዩ መጠለያ ይሠራለት። ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ይሄዳል፣ «እናያለን» ይሉታል። በዓመቱ ይሄዳል፣ «እናያለን»። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ሲመለስ እናቱ በር ላይ ትጠብቀዋለች። «ዛሬም ለዚያ ፍርስራሽ ደጅ ስትጠና ዋልክ? ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል!» አይፈረድባትም፤ የራሳቸው ማድ ቤት ያፈሳል።

ዘንድሮ ግን ወይ ጉድ፣ ባለሙያ ልትመጣ ነው ተባለ። ሥዕሉን በዓይኗ አይታ መጠለያ ይገባዋል አይገባውም ለቢሮው ሐሳብ ታቀርባለች። አትንኩ ደስታው ፈንቅሎት ሰፈሩን ሁሉ «እንግዳ ይመጣል! ለመልአካችን እንግዳ ይመጣል!» ሲል ሰነበተ። በቀኑም ሸሚዙን አስተኩሶ ሊቀበላት አውቶቡስ ተራ ሄደ። አውቶቡሱ ደግሞ የዘገየበት ዕለት ነበር።

ይዟት ሲመለስ እናቱ ግድግዳው ሥር ቆማለች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ባልዲና የወለል ብሩሽ ይዛ። ከመልአኩ እግር እስከ ደረቱ፣ እጇ እስከደረሰበት ድረስ፣ ግድግዳው ነጭ ሆኗል። ቀይ ውሃ መሬቱ ላይ ተኝቷል። የተረፈው ፊቱና የክንፎቹ ጫፍ ነው።

«መጣችሁ? እንግዳ ሲመጣ አቧራውን ለብሶ ይጠብቅ እንዴ? ላሳፍርህ አልፈለግኩም፣ ልጄ። በል መሰላል አምጣልኝ፣ አናቱ ቀርቶኛል።»

አትንኩ ስንቱ ላይ የጮኸውን ቃል ሊጮህ አፉን ከፈተ። ነደደው! ባልዲውን በእርግጫ ቢል በወደደ። ግን ማን ላይ ይጩህ? እናቱ ያንን ግድግዳ እንደ ደመኛ ስታየው ኖራ፣ ዛሬ ገና፣ ለእሱ ስትል ወገቧ እስኪቆረጥ አጠበችው።

«ማነው ያጠበው?» አለች ባለሙያዋ፣ ደንግጣ።

«እኔ ነኝ» አለ አትንኩ።

«ውሸቱን ነው!» አለች እናቱ፣ ኩራቷን እንዳይቀማት። «እሱማ ተቀጥሮበት አንድ ቀን እንኳ ውሃ አስነክቶት አያውቅም! እኔ ነኝ እንጂ።»

ባለሙያዋ ጠጋ ብላ ግድግዳውን አየች። «እማማ፣ ሥዕሉ እኮ ሄደ» አለች ቀስ ብላ። «ለፊቱ ብቻ መጠለያ የሚፈቅድልኝ አላገኝም። ለማንኛውም… እናያለን።»

እናያለን! አትንኩ ሳቁ መጣ፤ እንባውም አብሮ። እናቱ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ልጇን አየች። ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቆረ። አትንኩ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ፣ ተሸክሞ መጣ። በግድግዳው ግራና ቀኝ በተከላቸው እንጨቶች ላይ ሊመታው ሲወጣ መሰላሉን የያዘችለት እናቱ ናት።

«ልጄ» አለችው ከታች፣ «ቀሚሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አይደል?»

ምስማሩን ከአፉ አወጣ።

«ዝናቡ ነው፣ እማዬ» አላት። «አጥብቀሽ ያዢው።»