የደን ሹም ልሆን ነበር

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከረቡዕ ጠዋት ልጀምር። ረቡዕ ጠዋት ሁላችንም ደህና ነበርን።

እማዬ ጓሮ ቆማ እንጨት ከምታመጣልን ሴት ጋር ትከራከራለች። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ካናቴራውን እንደለበሰ፣ የጥርስ መፋቂያውን በአፉ ይዞ፣ ሸክሙን ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። ጋሼ ለከፍተኛ የደን ሹምነት የሚያበቃውን ትምህርት ሊጨርስ የቀረው ጥቂት ነበር። አዲስ አበባ ተምሮ ለተግባር ልምምድ ወደ ገዛ አገሩ ወደ ሐረር ተልኳል። ስለዚህ እሱ ከመጣ ወዲህ ቤታችን የሚገባ ማገዶ ሁሉ በመንግሥት ዓይን ይታያል።

«ይህ ወይራ ነው» አለ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ። «ገና እርጥብ ነው። በቁሙ ነው የቆረጡት።»

«ታዲያ እኔ ቆረጥኩት?» አለች እማዬ። «እኔ ዘንድ የመጣው ሞቶ ነው።»

«ካልገዛሽው አይቆርጡትም።»

«ካልገዛሁት ምሳ አትበላም።»

ጋሼ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት እማዬ በጣቷ መፋቂያውን አሳየችው። እሱም ወይራ ነበር። ጋሼ መፋቂያውን ወደ አፉ መልሶ ወደ ቤት ገባ። የእንጨቷ ሴት እንኳ ሳቀች።

እኔ ያን ጊዜ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። የማትሪክ ውጤቴን አልናገርም። ብቻ ማንም ዩኒቨርሲቲ እንዳይጠራኝ የሚበቃ ነበር። የደን ትምህርቱ አዲስ ሠልጣኞች እንደሚቀበል፣ ፈታኞቹም ሐረር ድረስ እንደሚመጡ ሰምቶ ስሜን ያስመዘገበው ጋሼ ነው። ፈተናው የቃል ነው። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በግብርናው መሥሪያ ቤት። ፈታኞቹ ቀትር ላይ ወደ ድሬዳዋ ስለሚወርዱ ያን ጠዋት ያልተገኘ ሰው ነገሩ አበቃለት። አባታችን ካረፈ ወዲህ ለእኔ በር የሚያንኳኳልኝ ጋሼ ብቻ ነበር። ይህ በር ካልተከፈተ የማውቃቸው ሌሎች በሮች፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጀጎል ግንብ በሮች ብቻ ናቸው።

ችግሩ ዛፍ አለማወቄ ነው። የከተማ ልጅ ነኝ። ለእኔ ዛፍ ሁለት ዓይነት ነበር። የሚወጡበትና እሾህ ያለው። ጋሼ ግን ተስፋ አይቆርጥም። አንድ ቀን «ወይራ ማለት ዐረቦች ዘይቱን የሚሉት ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው» ብሎ ነገረኝ። እሱ ያለው ከፍሬው ዘይት የሚጨመቀውን ዛፍ ነው። እኔ የማውቀው ዘይቱን ደግሞ እኛ ሐረር በቅርጫት የምንገዛውን፣ ውስጡ ቀላ ያለውን ጣፋጭ ፍሬ ነው። በማግስቱ ስለ ወይራ ሲጠይቀኝ፣ ፍሬው ለስላሳ እንደሆነ፣ ልጆች በጣም እንደሚወዱት፣ ሲበዛ ግን ሆድ እንደሚያደርቅ አብራራሁለት። ጋሼ ሳቁን ለመጨረስ ከቤት ወጣ።

ነገሩን ለሰፈር ማስረዳትም ቀላል አልነበረም። እማዬን ጎረቤታችን እትዬ «ይህ ልጅሽ ምን ሊሆን ነው?» ብለው ጠየቋት። እማዬ «ደን ሊገባ ነው» አለቻቸው። ወሬው ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰ። ዱር ሊገባ ነው፣ ሊሸፍት ነው ተባልሁ። እትዬ መንገድ ላይ እጄን ያዙኝ።

«ማን በደለህ ልጄ? ዳኛ እያለ፣ መንግሥት እያለ?»

«ኧረ እትዬ፣ ዛፍ ልጠብቅ ነው።»

ያን ጊዜ የባሰ አዘኑ። «አስራ ሁለት ዓመት ተምረህ ዘበኛ? ከዚያስ መሸፈቱ ይሻልህ ነበር» ብለው እጄን ለቀቁት።

እና ያን ረቡዕ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ጋሼ «ዛሬ የመጨረሻው ልምምድ ነው» ብሎ ወደ ሸዋ በር ይዞኝ ሄደ። ዛፍ ላይ ሳይወጡ ቁመቱን መለካት ነበር ትምህርቱ። ቀላል ነው። የክንድህን ያህል የሆነ በትር ትይዛለህ። ክንድህን ዘርግተህ በትሩን ቀጥ አድርገህ ታቆማለህ። ከዚያ የበትሩ ጫፍ ከዛፉ ጫፍ፣ ጭብጥህም ከዛፉ ግርጌ እስኪገጥም ድረስ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ከቆምክበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ጋሼ ሳይነግረኝ የቀረው፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ወደ ኋላም ማየት እንዳለበት ነው።

ከበሩ ውጭ አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ነበር። ገበያው ሞልቷል። በትሬን ዘረጋሁ። አንድ ዓይኔን ጨፈንሁ። ወደ ኋላ መሄድ ጀመርሁ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ሹመቴን አክብሮ መሰለኝ። የበትሩ ጫፍ ከዛፉ ጫፍ ሊገጥም ትንሽ ሲቀረው ተረከዜ አንድ ነገር መታ። ከዚያ ለስላሳ ነገር ላይ ተቀመጥሁ።

«ያ ረቢ! ዘይቱኔን!»

ከጀጎል ውስጥ ወጥተው የሚሸጡ ትልቅ ሴት ነበሩ። ቅርጫታቸው ከእኔ ሥር ነው። ለመነሳት ስሞክር የቀረውንም ጨፈለቅሁት።

«ይቅርታ እናቴ» አለ ጋሼ እየሮጠ መጥቶ። ሳቁ በአፍንጫው ሊያመልጠው ነው። «ይህ ልጅ ነገ የደን ሹም ሊሆን ነው።»

«እሱ?» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እሱ ደኑን ከጠበቀ እሱን ማን ሊጠብቀው ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አላህ ይርዳህ» አሉት፣ ከልባቸው።

ጋሼ የጨፈለቅሁትን ሁሉ ገዛቸው። የሱሪዬን መቀመጫ በመሀረቡ እየጠረገልኝ፣ ለመኮሳተር እየሞከረ፣ «እና ቁመቱስ?» አለኝ።

«ከዘይቱኑ እስከ ባሕር ዛፉ ነው» አልሁት።

ይህን መልስ ለብዙ ጊዜ ሲያነሳው እንደሚኖር ያን ጊዜ እርግጠኛ ነበርሁ። እንዲያውም ሰርጌ ላይ ሳይቀር ይናገረዋል ብዬ አፍሬ ነበር።

ከዚያ ወደ ሶፊ በሚወስደው መንገድ ከከተማ ወጣ ብለን፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ያልፈረሰውን እየመረጥን በላን። ፊት ለፊታችን ያለው ኮረብታ ራሰ በራ ነው። ጋሼ ስለ ትምህርቱ ማማረር ጀመረ። ዛፍ የሚያይበት ቀን ጥቂት ነው፤ የቀረው የመሬት ሕግ ነው፣ የበጀት አያያዝ ነው፣ ለበላይ መጻፍ ነው።

«ደን ላይ አንድ ‹ብ› ጨመሩበትና ደንብ አደረጉት» አለ። «ዕድሜያችንን የምትበላው ያቺ ‹ብ› ናት።»

«ታዲያ እኔን ለምን ታስገባኛለህ?»

ፍሬውን ነከሰ። «አንድ ሰው ብቻውን ስለ ዛፍ ሲያወራ እብድ ነው ይሉታል። ሁለት ሆኖ ካወራ መሥሪያ ቤት ነው።»

እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። ግን ወደ ኮረብታው ሲያይ ፊቱ አልቀለደም። እዚያው ፈተናውን ማለፍ በጣም ፈለግሁ። እስከዚያች ሰዓት፣ እውነቱን ልናገር፣ የፈለግሁት የደን ሹሙን ባርኔጣ ነበር።

ከምሳ በኋላ የጋሼ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ደጃችን ቆመ። ከከተማው ራቅ ብሎ ያለ አንድ ተራራ ላይ እሳት ተነስቷል፤ ሰው ይፈለጋል። ጋሼ ጫማውን እያሰረ፣ «ማታ አንድ ዙር እጠይቅሃለሁ። እስከዚያ ዘይቱን የምትባል ቃል እንዳትወጣህ» አለኝ። ለእማዬ ደግሞ «ራቴን ይህ ሆዳም እንዳይበላብኝ» አላት። መኪናው ሄደ። ቆሜ እንኳ አልሸኘሁትም። የአፈር መሸርሸርን ምክንያቶች በቃል እያጠናሁ ነበር።

መሸ፣ አልመጣም። እማዬ «እሳት ነው፣ ቶሎ አይጠፋም» አለች። እኔ አኮረፍሁ። ነገ ፈተና ያለብኝ እኔ ሆኜ እሱ ተራራ ለተራራ ይዞራል አልሁ። ራቱንም በላሁበት፣ ይበለው ብዬ። ከዚያ ተኛሁ። እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ከፈትሁ። የእድራችን ዳኛ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው እትዬ ቆመዋል። ጋሼ ስለ ፈተናዬ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ስለ ሰነበተ ሊመርቁኝ የመጡ መሰለኝ። የዛፍ ቅርፊት አይቶ ስሙን መናገር የሚማረው ሰው የሰዎቹን ነጠላ አላየም። ሁሉም እንደ ለቅሶ ለብሰዋል።

«ኧረ ለዚች ለፈተና ይህን ያህል አትደክሙ» አልኋቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ገና አልተመለሰም እንጂ እሱም ደስ ይለው ነበር።»

 እትዬ ማልቀስ ጀመሩ። የዘበኝነቱ ነገር አሁንም አልወጣላቸውም ብዬ አሰብሁ። «ይግቡ እትዬ፣ አይዘኑ፣ ደመወዙ ጥሩ ነው» አልኋቸው። ይህን አልሁ። ከአፌ ወጣ። ያን ጊዜ እማዬ ከኋላዬ መጣች። እሷ አንድ ጊዜ ነው ያየቻቸው። ነጠላቸውን አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ እኔን ከበሩ ላይ ገፍታ ወደ ውጭ ወጣች፣ ጮኸች።

እሳቱን አጥፍተው ሲመለሱ መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጧል። ሾፌሩ ተርፏል። ጋሼ አልተረፈም። ሌሊቱን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ እናት በሌሊት መርዶ አይነገራትም ብለው ንጋትን ሲጠብቁ ነው ያደሩት።

ቤቱ በሰው ሞላ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፋኝ። ማልቀስ እንኳ በሰዓቱ አልመጣልኝም። የእድሩ ዳኛ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ቀብሩ ከሰዓት ነው። አስከሬኑ ገና ሆስፒታል ነው ያለው። አንተ ሂድና ፈተናህን ተፈተን።»

«ዛሬ?»

«ነገ አይጠብቁህም። ከእንግዲህ ለእናትህ ያለሃት አንተ ነህ። እኛ እዚህ አለንላት። የሚያማህ ሰው ካለ ለእኔ ተወው።»

እሺ አልሁ። ትናንት የተተኮሰውን ሸሚዝ ለበስሁ። ከረባት ማሰር ስለማልችል ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። ለቅሶኛው መሀል ሰንጥቄ ስወጣ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። እማዬ ግን አላየችኝም።

ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያልፋል። የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ለማየት ብቻ ነው የገባሁት። የእድሩ ወጣቶች ከአንድ ትልቅ ጥድ አጠገብ የጋሼን መቃብር ይቆፍራሉ። የሰፈራችን አናጢ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ምሳር እንዲያቀብሉት ይጠይቃል። የሰው ጭን የሚያህል ሥር ጉድጓዱን አቋርጦታል።

«አትቁረጠው» አልሁ።

ቀና ብሎ አየኝ። ደነገጠ። «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ፈተናህስ?»

«ሥሩን አትቁረጠው።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስለ ጥድ ሥር አንድም ቀን አላጠናሁም። «ዛፉን በዚህ በኩል የያዘው ይህ ነው» አልሁት። «ከቆረጥከው ንፋስ ይጥለዋል።» እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ድምፄ ግን ሳይንቀጠቀጥ ወጣ። ፈታኞች ፊት እንዲወጣልኝ ስመኘው የሰነበትሁት ድምፅ ነበር፤ አናጢ ፊት ወጣልኝ። ሥሩን ሰበብ አደረግኸው የሚለኝ ይኖራል። ይበለኝ።

«ወዲያ በኩል ድንጋይ ነው እኮ» አለ አናጢው። «እንደ አዲስ መጀመር ነው።»

«እንጀምር።»

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ባለ ቀን ማንም አይከራከረኝም። አናጢው ምሳሩን መለሰና ከጉድጓዱ ወጣ። እኔ የሸሚዜን እጅጌ ስጠቀልል ጊዜ ክንዴን ያዘኝ።

«ቤተ ዘመድ አይቆፍርም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ደግሞም ሰዓቱ እየሄደብህ ነው። አሁን ብትሮጥ ትደርሳለህ።»

«አውቃለሁ» አልሁት።

ዶማውን ከአንዱ ልጅ ተቀብዬ፣ ከሥሩ ራቅ ብዬ ድንጋይ ባለበት በኩል መቆፈር ጀመርሁ።