ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀው መልስ

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም «በረኛዋ» ይሏታል፤ በር ላይ ግን ቆማ አታውቅም። ምድር ቤት ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ከሚያጓራ ሰርቨር አጠገብ ተቀምጣ፣ ማንም የማያየውን በር ነው የምትጠብቀው። ድሮ በዚያችው ክፍል የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የስልክ ማዞሪያው ተነቅሎ ሰርቨሩ ሲገባ አስተዳደሩ እሷን ማውጣቱን የረሳ ይመስላል። እሷም ኮርስ ወሰደች፣ ፈተናውን ወደቀች፣ ደግማ ተፈተነችና አለፈች፤ ከዚያ ወዲህ የሰርቨሩ ጠባቂ ናት። ማሽኑ ቅዝቃዜ ስለሚወድ እሷ አሥራ ሁለቱን ወር በሹራብ ትኖራለች።

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዋ ሌሊት በሩን ማን እንዳንኳኳ ማንበብ ነው። ፓስወርድ እየገመተ ሊገባ የሞከረ ሁሉ አድራሻው ተመዝግቦ ይጠብቃታል። አይፒ አድራሻ የሚሉት ይህ ነገር ለሌላው ሰው በነጥብ የተለያየ አራት ቁጥር ነው፤ ለእሷ ግን እንደ ዘመድ ስልክ ነው። ውጤት ከላቦራቶሪው በዚሁ ሰርቨር በኩል የሚቀበሉትን የአሥራ አራቱን ጤና ጣቢያዎች አድራሻ በቃሏ ትወጣዋለች። ለሌቦቹም ስም አውጥታላቸዋለች፦ ሳያቋርጥ የሚመጣው «ቋሚ ሠራተኛው» ነው፣ አንዴ ሞክሮ ለሳምንት የሚጠፋው ደግሞ «ዓይናፋሩ»።

አድራሻውን ከዘጋች በኋላ ነገሩን በዚያ አትተወውም። አድራሻው የየትኛው የኢንተርኔት ድርጅት እንደሆነ ፈልጋ ደብዳቤ ትጽፋለች፦ በዚህ ሰዓት፣ ከእናንተ አድራሻ፣ ይህን ያህል ጊዜ በራችንን ሊሰብሩ ሞክረዋል፤ ማስረጃው ይኸውና። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ጽፋለች። ድርጅቶቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋታል፤ ቢበዛ አንድ ማሽን «መልእክትዎ ደርሶናል» ይላታል። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ፎቅ ላይ የሚሠራ ቀልደኛ ሰው፣ ደረጃ ላይ ባገኛት ቁጥር «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብሎ ያልፋል። እሷ ግን ላየችው ነገር መመስከር እንዳለባት ታምናለች። በእነዚያ ሁሉ ደብዳቤዎች አንድም የሐሰት ቃል የለም፤ በአንድ ደቂቃ እንኳ ከተጠራጠረች አትልክም። በዚህች ነገር ትኮራለች፣ ኩራቷንም አትደብቅም።

ያን ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አንድ የማታውቀው አድራሻ በየሁለት ሴኮንዱ ፓስወርድ ይገምታል። የሚሞክርበትን የመግቢያ ስም ስታይ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ የተራራው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህቷ ናት። የእህቷ ፓስወርድ ምን እንደሆነ ደግሞ ከቤተሰቡ ውስጥ የማይገምት የለም፦ የበኩር ልጇ ስምና የተወለደበት ዓመት። ቀይሪው ብላ ስንት ጊዜ ለምናታለች። እህቷ ትስቅባታለች፤ ሌባ የኔን ልጅ ስም ከየት ያውቃል ነው መልሷ። በረኛዋ ግን ሌባው ካወቀ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። በአንዲት ጣቢያ ስም የገባ ሰው የአሥራ አራቱንም ጣቢያ የሕሙማን መዝገብ ቆልፎ ሊይዝ ይችላል።

አድራሻው የአገር ውስጥ ድርጅት ነበር። እንዲህ ሲሆን የራሷ ደንብ አላት፦ ደብዳቤ ከመጻፏ በፊት ለጣቢያዎቹ ሁሉ ትደውልና መብራት ጠፍቶባቸው እንደነበር ትጠይቃለች፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መስመሩ አዲስ ቁጥር ሊያወጣ ይችላልና። ከሌባ ጋር የራሷን ሰው እንዳትከስ ነው። ያን ቀን ግን ፍርሃቷ ከደንቧ ቀደመ። አድራሻውን ዘጋች፣ ማስረጃውን ሰበሰበች፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደብዳቤውን ላከች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለችው ነው።

አራት ሰዓት ላይ መልስ መጣ። ከታች የሰው ፊርማ ያለበት እውነተኛ መልስ ነበር፦ «ማስረጃዎን መርምረን ትክክል ሆኖ ስላገኘነው የደንበኛውን መስመር ቆርጠናል። ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን።» ሦስት ጊዜ አነበበችው። እውነቱን ለመናገር እንባዋ አቀረረ። በወረቀት ላይ ካላየሁት አላምንም ብላ ልታትመው ሄደች፤ አታሚው ወረቀቱን ነክሶ ግማሽ ሰዓት አቆያት። ከዚያ እንደ ልጅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ላቦራቶሪ ወጣች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ፤ ከእንግዲህ ስለ ውሃ መውቀጥ አንድ ቃል ከአፉ እንደማይወጣ ማለላት። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ አየና ፊቱ ተለወጠ። የተራራው ጣቢያ ዛሬ ተኝቷል ወይ ሲል ጠየቃት። ጠዋት በሞተር ሳይክል ከዚያ የመጣ የሕፃን ደም መርምሮ፣ ውጤቱን አራት ሰዓት ከአምስት ላይ በቀይ ምልክት ልኮላቸዋል፤ እስካሁን የከፈተው የለም። ሕፃኑ የሦስት ቀን ልጅ ነው፣ ሰውነቱ ቢጫ ሆኗል፣ በደሙ ውስጥ የተገኘው የቢጫው መጠን ከአደጋው ወለል በላይ ነው። ዛሬውኑ ወርዶ ሆስፒታል ካልገባ አንጎሉ ይጎዳል። የጣቢያዋ መኪና ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሌሎቹ መንደሮች ትወጣለች፤ ከወጣች የምትመለሰው በማግስቱ ነው።

በረኛዋ ክው አለች። መብራት ሳይጠፋባቸው አልቀረም፤ አዲሱ ቁጥር የእነሱ ነው። ወደ ክፍሏ ሮጣ ስታይ የጣቢያዋ የድሮ አድራሻ ከማለዳ ጀምሮ ዝም ብሏል። የጣቢያዋ ኮምፒውተር ከአንዱ ፍላሽ ላይ ቫይረስ ይዞት መሆን አለበት፤ ቫይረሱ የመግቢያ ስሙን እዚያው አግኝቶ ፓስወርዱን ይገምታል። ሌባውም እህቷም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። በዘጠኝ ዓመት አንዴ ሰሚ ያገኘችው ደብዳቤ የእህቷን መስመር ነው ያስቆረጠው።

ስልክ ደወለች፤ የጣቢያዋ ስልክ በዚያው መስመር ስለሚሠራ ሞቷል። የእህቷ ሞባይል ኔትወርክ የሚያገኘው ከጣቢያዋ ወጥታ የውሃ ታንከሩ ጋ ስትቆም ብቻ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆስፒታሉን መኪና ሊጠይቅ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሩቅ ሄዳለች። የቀረው መስመሩን የቆረጠው ድርጅት ነው።

ሃያ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ አሰሟት። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያስተላልፏት ቆይተው በመጨረሻ ደብዳቤውን የፈረመው ሰውዬ ጋ ደረሰች። ድምፁ የደከመው፣ ትሁት ሰው ነበር። ስለ ሕፃኑ ስትነግረው ከልቡ አዘነ፤ ግን በቫይረስ የተያዘ ማሽን ሳይጸዳ መስመሩን መክፈት እንደማይችል አስረዳት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ መንገድ አለ» አላት። «ጥቆማዎ ስህተት እንደነበረ በጽሑፍ ካረጋገጡልኝ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ። ስህተት ነበር?»

ስህተት አልነበረም። ጥቃቱ እውነት ነው፤ ሰውዬውም ማስረጃውን በዓይኑ አይቷል።

«አዎ» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። «ስህተት ነበር።»

«እንግዲያው ይጻፉልኝ» አላት። ጽፋ ላከች።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ መስመሩ ተከፈተ፤ የጣቢያዋ ስልክ ግን እስከ ማታ እንደማይመለስ ነገሯት። እሷም በራሷ እጅ የዘጋችውን በር ከፈተች፤ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ወዲያው ጥቃቱ እንደገና ይዘንብ ጀመር። በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ሙከራ፣ አንድ ስህተት። የሚገምተው የሰው ስም ነው፤ በፊደል ተራ ይሄዳል። የእህቷ ልጅ ስም የሚጀምርበት ፊደል ሩቅ አልነበረም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ከኋላዋ ቆሞ ይተነፍሳል። እሷ አንድ ጣቷን በሩን በሚዘጋው ቁልፍ ላይ አድርጋ ታነባለች፦ ስህተት፣ ስህተት፣ ስህተት። ቶሎ ግቢ እህቴ፣ ሌባው ሳይቀድምሽ ግቢ፣ ትላለች በልቧ።

አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ ከማሽኑ ምት ጋር የማይገጥም አንድ ሙከራ በመሀል ገባ። እሱም ስህተት ነው። ከዘጠኝ ሴኮንድ በኋላ ሌላ፣ እሱም ስህተት። በረኛዋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ማሽን አያመነታም፤ ይኼ በአንድ ጣት የሚጽፍ፣ የሚሳሳት፣ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። እህቷ ሁለቴ ሳትሳሳት ገብታ አታውቅም። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ በዚያ መሀል ማሽኑ አሥር ጊዜ ሞከረ። ከዚያ አንድ መስመር መጣ፦ ገብቷል።

«ማን ነው የገባው?» አለ የላቦራቶሪው ኃላፊ።

«እሷ ናት» አለች። እርግጠኛ ግን አልነበረችም። የሕፃኑ ውጤት ቀይ ምልክት ገና እንደቀላ ነው። ሌባው ከሆነ በዚህች ሰዓት መዝገቡን እየቆለፈ ነው፤ እህቷ ከሆነች ደግሞ አሁን መዝጋት ሕፃኑን መግደል ነው። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ቆጠረች። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ፤ ውጤቱ ታይቷል። በሩን ዘጋችና ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

መኪናዋ ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ሕፃኑንና እናቱን ይዛ ከጣቢያው ወጣች። ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረሱ፤ ሕፃኑም ወዲያው ሕክምናው ተጀመረለት፣ ዶክተሩም ደርሶልናል አሉ። በረኛዋ ይህን እንደሰማች ከድርጅቱ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣላት። ይኼኛው ፊርማ የለውም፦ ስህተት የሆነ ጥቆማ መላክዎን ስላረጋገጡ ከእንግዲህ ከእርስዎ የሚመጣ ጥቆማ አይታይም። ለላቦራቶሪው ኃላፊ አላሳየችውም፤ ሆድ ይፍጀው አለች። ዘጠኝ ዓመት የገነባችው ስም በአንዲት መስመር ተፋቀ፤ እንደ ሞት ነው የከበዳት።

አሥር ሰዓት ላይ እህቷ ከውሃ ታንከሩ ጋ ደወለች። ነፋሱ ድምጿን እየቆራረጠው ሕፃኑ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች፣ መልካሙን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ንዴቷ መጣ።

«እታለም፣ መኪናዋ ልትሄድ ስትል እኮ ነው ውጤቱን ያየሁት። ለድርጅቱ ብደውል ሰው ጠቁሞ ነው የተቆረጠው አሉኝ። ያን መስመር ያስቆረጠብንን ሰው እጁን ይቁረጠው።»

በረኛዋ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ሰውዬው ሩቅ ነው፣ የላቦራቶሪው ኃላፊም አፉን ይዘጋል። ግን ያን ቀን አንዴ ዋሽታለች፤ ሁለተኛው ከአፏ አልወጣ አላት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳላጣራ ጥቆማ ልኬ መስመራችሁን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

 እህቷ በዝግታ ተናገረች። «የሕፃኑ አባት አጠገቤ ቆሟል። መኪናዋ ሞልታበት ቀርቶ ነው። ማን ነው ያስቆረጠው ይለኛል። ምን ልበለው?»

«ምንም አትበይው» አለች በረኛዋ። «ስልኩን ስጪው፤ እኔ እነግረዋለሁ።»