ከድንኳኑ ቆርጬ ያወጣሁት ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ ትንንሿን ኃጢአት ሁሉ እየለቀምኩ ስነግራቸው እንኳ ይቺን ዘልያታለሁ። አሁን የደፈርኩት መጻፍ ስለቻልኩ ነው። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። ደስታዬን አልደብቃችሁም! ስለ ድመታችን ጻፍኩ፣ ስለ ዝናብ ጻፍኩ፣ ስለ አባዬ ማንኮራፋት ጻፍኩ። ግን ምን ዋጋ አለው? በየትም ብጀምር፣ ብዕሬ ዞሮ ዞሮ አንድ ፊልም ውስጥ፣ አንድ ድንኳን ሥር ወስዶ ይጥለኛል።

ፊልሙ የቤታችን ፊልም ነበር፤ ደጋግመን ከማየታችን የተነሣ ተዋንያኑን ቀድመን እናወራለን። አንድ ሀብታም ልብስ ሰፊ በቁሙ ተዝካሩን ያወጣል። ወራሽ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሰው ሳይሞት ተዝካሩን ቢያበላ ድሮም የነበረ ነው። ይሄኛው ግን ተንኮለኛ ነው። በድግሱ ቀን ከድንኳኑ ጀርባ ይደበቅና የትኛው ልጁ እንደሚፈልገው በቀዳዳ ያያል። ትልቁ ልጅ «ሥጋው ጠነከረ» ብሎ ይጣላል። መካከለኛዋ የአሁኑን ባሏን ከድሮው ባሏ ጋር ታስተዋውቃለች። ትንሹ ደግሞ ከአባቱ አህያ በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። ሰውየውን ፈልጎ የሚጮኸው ያው አህያው ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ አባትየው ተናዶ ይወጣና ከእድምተኛው መሃል ይቀመጣል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እንጀራው በፊቱ ያልፋል፣ ወጡ ያልፋል፣ ሳቁ ይቀጥላል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኛ ቤት ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«ሞቷል እኮ! ሳያውቀው ሞቷል» ትላለች እማዬ።

«አቦ ተይን! ወላሂ አኩርፈውት ነው» ይላል አባዬ። «እኔንም በዚህ ቤት እንደዚሁ ነው የምታደርጉኝ።»

የድንኳኑ ክፍል የተቀረጸው እዚሁ ሐረር፣ ከኤረር በር ወጣ ብሎ ነው። እድምተኛ ሆነው የተቀመጡት የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። ዳዊትም አለበት። ዳዊት የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩወርቅ አንድ ልጅ ነው። ማስታጠቢያ ይዞ የእንግዶቹን እጅ ያስታጥባል፤ ከዚያ «ካሜራውን እንዳታዩ» የተባለውን ረስቶ ቀና ይልና ያየናል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ከቀረጻው በኋላ ብዙም ሳይቆይ «በባሕር ልሻገር» ብሎ ወጣ፤ ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚል የለም፤ አለም የሚል የለም። እናቱ ማታ ማታ በራቸውን አይቀረቅሩም ነበር። «በገዛ ቤቱ ያንኳኳ እንዴ?» ይላሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ሲመለሱ፣ በነጠላቸው ጫፍ ለውዝ ቋጥረው ወደ እኛ ይመጣሉ። ለውዙ የእኔ ነው።

«እንቺ የኔ እመቤት። በይ ክፈቺልኝ።»

እከፍታለሁ። ዳዊት ቀና ይላል።

«ዛሬ ከሳብኝ» ይላሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ኧረ እትዬ፣ እንዲያውም ወፍሯል!» ትላለች እማዬ።

ፊልም እንደማይከሳና እንደማይወፍር ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸውም ያውቃሉ። ያውቁ ነበር? እንጃ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በስልክ ቪዲዮ መቁረጥ የተማርኩ ሰሞን ነው። ለምን አደረግሁት? «ልጅ ነበርኩ» እላለሁ ለራሴ። አዎ፣ ልጅ ነበርኩ፤ ግን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ለውዛቸውን እየቆረጠምኩ ነው ያሰብኩት። እንደዚያ ልብስ ሰፊ ተደብቄ የሰው ፊት ማየት አማረኝ። ዳዊትን ቢያጡት ምን ይሆናሉ? ከዚያ ስቄ «ቀልዴን እኮ ነው!» እላቸዋለሁ ብዬ ነው። ቆረጥኩት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ በዚህች አሁን በምጽፍባት ጣት። የተቀጠለበት ቦታ የማይታይ ሆኖልኝ ኮራሁም። ቴሌቪዥኑ ላይ ከምንሰካው ፍላሽ የነበረውን አጥፍቼ የእኔን አስገባሁበት።

ቅዳሜ መጡ። ለውዜን ሰጡኝ። እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ እሳቸውን አየሁ። ወዲያው ግን ዓይኔ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ ምክንያቱም ያላሰብኩት ነገር እዚያ ላይ ነበር። እንግዶቹ ደረቅ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው እጃቸው ረጥቦ ይንጠባጠባል። ውሃ ያፈሰሰላቸው ሰው የለም። ሁሉም ፈገግ ብለው ባዶውን ቦታ «ይባርክህ» ይላሉ።

እማዬ አማተበች። «መልሺው እስቲ» አለችኝ። መለስኩት። እጆቹ ተዘረጉ፣ ረጠቡ። ደግሜ መለስኩት። «ይባርክህ» አሉ ለማንም።

ሳቄ የት ሄደ? «ቀልዴን ነው» የምለው የት ሄደ?

እትዬ ጥሩወርቅ አላለቀሱም። እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው፣ አንዳች ነገር የነካቸው ይመስል መልሰው መዳፋቸውን አዩት። «እስከ ዛሬ ሲያስታጥብ ቆየልኝ» አሉ። «ጨርሶ ሄደ።»

የንስሐ አባታቸው «እናቴ፣ ፊልም ምስክር አይሆንም» ብለዋቸው ነበር አሉ። «ለእናት ይሆናል አባ» አሏቸው። ስንት ዘመን እምቢ ያሉትን ተዝካር አወጡ። ድንኳን ተተከለ። ከእኛ ቤት ወንበር ተወሰደ። የድንኳኑ ካስማ ሲመታ በግድግዳችን በኩል ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር መዶሻው ይቆም ነበር። አልተናገርኩም። ያን ቀን እማዬ ማስታጠቢያውን አስያዘችኝና «እንግዶቹን አስታጥቢ» አለችኝ። አስታጠብኩ። በዳዊት ቦታ ቆሜ፣ እንደ እሱ ዝቅ ብዬ፣ ውሃ አፈሰስኩ። እናቱ ጋ ስደርስ እጃቸው በረዶ ነበር። «ተባረኪ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው እጁን እንደዘረጋልኝ አላስታውስም። ቀና ማለት ፈርቼ ነበር፤ ቀና ብል ከድንኳኑ ጀርባ በቀዳዳ የሚያየኝ ያለ ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ የእትዬ ጥሩወርቅ በር ሲቀረቀር ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሳይቀረቀር ያደረበት ቀን የለም። የዳዊትን ልብሶች ለነዳያን ሰጡ። ጥቁር ለበሱ። ቅዳሜ መምጣታቸውን ተዉ። እማዬ «አሁንስ አረፉ፣ እንቅልፍም ወሰዳቸው» ትላለች። እኔም አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ተሸሸግሁ። አርፈዋልና ለምን ልቀስቅሳቸው? አያችሁ፣ ኃጢአት እንዴት ደግ ይመስላል! በቁሙ ይሁን አይሁን ያላወቅነውን ሰው ተዝካሩን አስበላሁ፤ ከዚያ ዝምታዬን ምሕረት ብዬ ጠራሁት።

ባለፈው ሰሞን ሸዋ በር፣ አሮጌ ዲስክ ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ ያልተቆረጠውን ፊልም አገኘሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን፣ በሩን ከፍቼ አየሁት። ዳዊት አለ። ውሃ እያፈሰሰ ነው። ቀና አለና አየኝ። ድሮ ዓይኑን ቶሎ ይመልስ ነበር፤ አሁን ግን አልመለሰም። ስንት ትንፋሽ እንደቆየ እስክቆጥር አልጠበቅሁም፤ ሶኬቱን ነቀልኩት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። እሳቸው ይቅር እንዲሉኝ ደግሞ መጀመሪያ ያን ጥቁር ልብስ አውልቀው እንደገና መጠበቅ ሊጀምሩ ነው። ሌሊቱን በኮቴ ድምፅ ሊነቁ ነው። ይህን ዳግመኛ የማደርግባቸው እኔ ነኝ። ቢሆንም መጠበቅ ወይም ማልቀስ የእሳቸው ምርጫ ነበር፤ የመረጥኩላቸው ግን እኔ ነኝ፣ ለአንድ ከሰዓት ሳቅ ብዬ።

ዲስኩን በወረቀት ጠቅልዬዋለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደጨረስኩ እሄዳለሁ። ፊታቸው ቆሜ፣ ልጅ ነበርኩ ሳልል፣ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» እላቸዋለሁ። ቢረግሙኝ አሜን እላለሁ።