ላብ ሳይደርቅ ውሃ

ባሌ የስፖርት መምህር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከሰሜን ተመድቦ ነጌሌ ቦረና ሲመጣ፣ እኔ በአባቴ ሱቅ ስኳርና ሳሙና የምሸጥ የጉራጌ ልጅ ነበርኩ። ሲያገባኝ ፊሽካውንና ሕጉን ይዞ ቤቴ ገባ። በሽታ የሚወጣው በላብ ነው፤ ላብ ሳይደርቅ ደግሞ ውሃ አይጠጣም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ይግባኝ የለውም።

የውሃውን ነገር እንኳ እሱ አልፈጠረውም። እናቴም ልጆች ሳለን ስንሯሯጥ ቆይተን ወደ ጀሪካኑ ስንሮጥ "ላባችሁ ሳይደርቅ! ምች ሊመታችሁ ነው!" እያለች ትጮህብን ነበር። ግን እናቴ ያደገችው ደጋ ነው። እዚህ ቆላ፣ ያውም በጋ ላይ፣ ሰው የግንባሩን ላብ ጠርጎ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል። መቼ ደርቆ መቼ ሊጠጣ ነው?

ጉንፋን ሲይዘው ጫማውን አጥልቆ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ይሮጣል። ተመልሶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ከንፈሩ ነጥቶ። ውሃ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። "ገና ነው" ይለኛል። ቆይቼ ስመለስም "ገና ነው።" ደግሞ የባሰው ነገር መዳኑ ነው! ጉንፋን መቼም ሲሮጡለትም ሲተኙለትም ጊዜውን ጨርሶ ይሄዳል። እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ "አየሽ? ምን አልኩሽ?" ይላል። ምን አየሁ? ግትር ሰው አየሁ።

ዝናብ የከዳን ዓመት ነው ጉዱ የመጣው። ኩሬው ደረቀ፤ ከተማው ሁሉ በአህያ ጋሪ የሚመጣ ደፍራሽ ውሃ መጠጣት ጀመረ። እኔ አፍልቼ ነበር የማስቀምጠው። እሱ ትምህርት ቤት ከልጆቹ ጋር ያገኘውን ይጠጣል። ተቅማጡና ትኩሳቱ አንድ ላይ ጣሉት። ከጤና ጣቢያ ኦ አር ኤስ የሚሉትን ዱቄት ሰጡን፤ በጆግ በጥብጬ አቀረብኩለት። ቀምሶ ፊቱን አጨማደደና "ይሄ የሕፃን ነው" አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ "በላይ የገባው በታች እየወጣ፣ ትርፉ ምንድነው?" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የጫማውን ክር ሲያስር አገኘሁት። ዓይኑ ጎድጉዷል። በሩ ላይ ተገተርኩ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"አንዴ ላብ ካላበኝ ይለቀኛል።"

"የሚለቅህ ነፍስህ ነው! በእናትህ፣ ተኛ!"

"ተይኝ ባክሽ" አለና በትከሻው ገፋ አድርጎኝ ወጣ።

አብራን የምትኖረው እናቴ የተጣላን መስሏት ከጓሮ መጣች። ነገሩን ስነግራት "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። የዚያን ጠዋት ግን ምነው አፏን በቆረጠው አልኩ በሆዴ። እኔ መከራ እንዲመክረው አልፈልግም። እቤቴ እንዲቀመጥልኝ ነው የምፈልገው።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል የውሃ ሻጩ ጋሪ ደጃችን ቆመ። ባሌ በጀሪካኖቹ መሃል ተጋድሟል። አጠገቡ ሆነው ጭንቅላቱን ደግፈው ያመጡት ከብት የሚያረቡ ቦረና ጎረቤታችን ናቸው፤ አዛውንት ናቸው። ሲሮጥ አግኝተውት "አካም? ናጋ?" ብለው ደህንነቱን ሲጠይቁት "ናጋ" ብሎ መልሶላቸው አልፏል። ከብቶቻቸውን ነድተው ሲመለሱ ግራር ሥር ወድቆ አገኙት።

"ውሃ አልሰጣችሁትም እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ላይ ጮህኩ!

"ቢሻን በአፉ አስጠጋንለት፣ ልጄ" አሉኝ። "በእጁ ገፋው። 'ላቤ ይድረቅ' አለን።"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ጀሪካን ተደግፎ፣ ምላሱ እንደ እንጨት ደርቆ ነው ቤቴ የመጣልኝ።

ሆስፒታል ግሉኮስ ሰቀሉለት። ሽንቱ ግን ጥቁር ሻይ መሰለ፣ ከዚያም ጭራሽ ቀረ። "ኩላሊቱ ደክሟል፤ እዚህ ማጠቢያ የለንም" ብለው ሐዋሳ ላኩን። ሐዋሳ ሲያጥቡት ትንሽ ቀና ይላል፤ ተመልሶ ይወድቃል። እግሩ አብጦ እነዚያ ጫማዎች የማን ነበሩ ያሰኛል። ሐኪሙ፣ ልጅ እግር ነው፣ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፤ ሽንት ስለማይሸና የሚጠጣው ሁሉ ሳንባው ላይ ይተኛል፤ በቀን ከአንዲት ትንሽ ስኒ በላይ እንዳይቀምስ።

እግዜር እንዲህ ይቀልዳል? ጽዋ ይዤ ደጃፍ ላይ ስለምነው የኖርኩት ሰው እኔን መለመን ጀመረ። "ጉንጭ ብቻ" ይለኛል። "ከንፈሬን ብቻ አርጥቢልኝ።" ጥጥ ነክሬ ከንፈሩን ሳብስለት ጥጡን በጥርሱ ይዞ ይመጠዋል፤ ከአፉ ታግዬ ነው የማወጣው። እኔ ራሴ ሲጠማኝ ኮሪደር ወጥቼ ተደብቄ እጠጣ ነበር። አንድ ቀን አፌን ሳልጠርግ ገባሁና አየኝ። "ጨካኝ ነሽ" አለኝ። የጨከንኩት ይድንልኛል ብዬ ነው። ያን ተስፋ ብቻ ይዤ ነው የማድረው። ዕለት ዕለት ስኒዋን ሞልቼ፣ ዓይኔን ከዓይኑ ሰርቄ፣ ሌላውን እከለክለው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠራኝ። ጓንቱን እያወለቀ መሬት መሬት ያያል።

"እናቴ፣ ልቡ እጥበቱን አልቻለም። ማሽኑ ላይ ብንመልሰው እዚያው ይቀርብናል። እናቆመዋለን።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

ጓንቱን ጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

"የውሃውስ ነገር? ስኒዋን ልቀንስበት?"

"አይ" አለኝ። "ከእንግዲህ የፈለገውን ያህል ይጠጣ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ስመኘው የኖርኩት ቃል ነበር እኮ! ሐኪሙ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ማልቀስ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ከሆስፒታሉ በር ማዶ ካለችው ሱቅ የቀዘቀዘ የታሸገ ውሃ ገዛሁና ገባሁ።

ብርጭቆውን ሞልቼ አንገቱን ደገፍኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ እኔንም ብርጭቆውንም እያፈራረቀ አየ። ከዚያ ጠጣ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይተነፍስ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣ። በአገጩ የፈሰሰውን በነጠላዬ ጠረግሁለት።

"ምነው ዛሬ እጅሽ ተፈታ?" አለኝ። ፈገግ ብሏል።

"ሐኪሙ ፈቅዶልሃል።"

"ተሻለኝ ማለት ነዋ!"

"አዎ" አልኩት። "ተሽሎሃል።"

"ምን አልኩሽ?" አለና ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋው። "በይ፣ ድገሚኝ።"

ደገምኩለት።