ቀብሩ ምዕራፍ ውስጥ የገባው መፍቻ

ያን ቀን እንጅባራ ላይ ያልተቆጣሁት ሰው የለም። የባጃጁ ሹፌር እንኳ ያለ ጥፋቱ ተጮኸበት።

ሥራዬ መጻሕፍትን በኤክስኤምኤል ማዋቀር ነው። «ይሄ ምዕራፍ ነው፣ ይሄ ማስታወሻ ነው» እያልኩ ለኮምፒውተሩ በምልክት እነግረዋለሁ፤ በስልክ የሚያነብም የሚያዳምጥም ሰው በዚያ ምልክት ነው የፈለገበት ቦታ የሚደርሰው። የጋሼን መጽሐፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆየ። መጽሐፉ የትዳራቸው ታሪክ ነው፤ የመጨረሻው ምዕራፍ የባለቤታቸው ቀብር። ከዚያ የአዊኛ ቃላት መፍቻ ይከተላል። ጋሼ ለማስተማር ወደዚህ ሲመጡ አንድ የአዊኛ ቃል አያውቁም ነበር። የሣሩን፣ የእርሻ ዕቃውን፣ የዝናቡን ዓይነት ሁሉ እየጠራች ያስተማረቻቸው እሷ ናት። መፍቻው የእሷ ወሬ ነው፣ ከነቀልዷ።

እኔም መፍቻውን ከምዕራፎቹ አውጥቼ ከመጽሐፉ ኋላ የራሱን ክፍል ሰጠሁት። እያንዳንዱን ቃል ከፍቺው ጋር አያይዤ፣ ማውጫው ላይ እንዲወጣ አድርጌ ላክሁ።

አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለልብ ወለድ የሚጠቀምበትን ቅጽ አምጥቶ ጫነበት። ያ ቅጽ ከምዕራፍ በቀር ምንም አያውቅም! መፍቻውን እንዳለ ጠራርጎ የቀብሩ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ለጠፈውና መጽሐፉን ለቀቀው። ስደውልለት «አይ አንተ! ከኋላ ያለውን ደግሞ ማን ያነበዋል?» ብሎ ሳቀ። ሳቀ እኮ! ደሜ ፈላ። በባጃጅ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

ጋሼ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው መጽሐፉን ሲያዳምጡ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ መፍቻውን አጣሁት።»

«አለ ጋሼ። ቀብሩ ምዕራፍ ውስጥ ከትተውት ነው፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ይመጣል።»

«ዘልዬ መግባት አልችልም?»

«አይችሉም። ማውጫው ላይ የለም።»

«እንግዲያ እሷ ስታወራ ለመስማት ሁልጊዜ መጀመሪያ ልቀብራት ነዋ!» አሉ።

እዚያው ፊታቸው ለአለቃዬ ደወልኩና ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት። እሱም «በሚቀጥለው እትም እናየዋለን» ብሎ ዘጋብኝ። የማይጻፍ ስድብ ሰደብኩት፣ ማን ይሰማኛል!

ጋሼ ግን ስልካቸውን ወደ ጆሯቸው መልሰው ቀብሩን ከመጀመሪያው አስጀመሩት።