ሰው የማያነሳው ካሜራዬ

አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው በረንዳችን ላይ ቴሌስኮፑ ፊት ለፊት ቆሙና «በል አንሳኝ» አሉኝ።

ችግሩ፣ ዛሬ የገዛሁት ካሜራ ሰው አያነሳም።

ያንን ትልቅ ሌንስ ያለውን ልገዛ ነበር። እዚህ ለንደን ካምደን ሰፈር ያለው ሻጭ ግን «ለጨረቃና ለፕላኔት ከሆነ ይቺ ትሻልሃለች» ብሎ እንቁላል የምታክል ነገር ሰጠኝ። የራሷ ሌንስ እንኳ የላትም፤ ቴሌስኮፑ ላይ ዓይናችንን የምናስጠጋበት ቦታ ትሰካለች። ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጥርት ያለውን ምስል ይመርጣል።

ደግነቱ ደመናው ገለጥ አለ። (የለንደን ሰማይ አዲስ ዕቃ ለገዛ ሰው አያዝንም።) ጨረቃ ከነጉድጓዶቿ ላፕቶፑን ሞላችው! ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«እማማ፣ ይቺ የምታነሳው ጨረቃን ነው» ብዬ አሳየኋቸው።

አየት አደረጉና «ቆንጆ ናት። ግን ፎቶዋን አገር ቤት ለማን ልትልከው ነው?» አሉኝ።

ባለቤቴ ሳቋን ለቀቀችው።

በስልኬ አነሳኋቸው። ጨረቃም ከኋላቸው ነጭ ነጥብ ሆና ገብታለች። ዘመድ አዝማድ አሁን እየተቀባበለ ያለው ያንን ነው። የኔን ጨረቃ ላይክ ያደረጉት አማቴ ብቻ ናቸው።

እስቲ እናንተም የመጀመሪያ ካሜራችሁ ቤት የገባ ቀን የተባላችሁትን ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አይሳቅብኝ።